ፍሪድሪኽ ሚሸር፤ ከመግል ውስጥ የዘርን ክር ያወጣው ሊቅ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው የጦር አለቆች፥ የነገሥታትና የአገር አሳሾች ስም ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፥ ሰው ሁሉ የሚጸየፈውን ነገር በእጁ እያጠበና እያጣራ፥ የሰው ልጅ ስለ ገዛ አካሉ ያለውን ዕውቀት የለወጠ ሰው ግን ስሙ እምብዛም አይወሳም። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ለአንባቢዎች የምናቀርበው ፍሪድሪኽ ሚሸር ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች አንዱ ነው።

ልጅ አባቱን ወይም እናቱን የሚመስለው ስለ ምን ነው? ለዚህ ጥያቄ የዛሬ ሳይንስ የሚሰጠው መልስ ዲ.ኤን.ኤ. በተባለው ረጅምና ቀጭን ክር ላይ የተመሠረተ ነው። ፍርድ ቤት ወንጀለኛን ለመለየት፥ ሆስፒታል በሽታን ለማወቅ፥ የእርሻ መርማሪም የተሻለ ዘር ለማግኘት በዚህ ክር ይገለገላሉ። ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ከሕዋስ ውስጥ ለይቶ ያወጣው ሚሸር ነው። ይሁን እንጂ ያገኘው ነገር ምን እንደሚሠራ በሙሉ ሳያውቅ ሞተ። ደግሞም ያገኘው ክሩን ብቻ አይደለም፤ ክሩ የሚጠቀለልበትንም ነገር ጭምር አግኝቶ ነበር። የዚህ የሁለተኛው ሥራው ትርጉም በደንብ የተገለጠው እርሱ ከሞተ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን።

ልደቱና ትምህርቱ

ፍሪድሪኽ ሚሸር ኦገስት 13 ቀን 1844 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪምና የሕክምና ፕሮፌሰር ነበረ። የእናቱ ወንድም ቪልሄልም ሂስም የሰውነት ክፍሎች በማኅፀን ውስጥ እንዴት እየተሠሩ እንደሚያድጉ በመመርመር ስሙ በአውሮፓ የታወቀ ሊቅ ነበረ። ስለዚህ ሚሸር ያደገው የሳይንስ ወሬ እንደ ዕለት እንጀራ በሚቆጠርበት ቤት ነው። እርሱ ራሱ ግን ዓይን አፋርና ዝምተኛ፥ በሰው መካከል ከመናገር ይልቅ ብቻውን መሥራትን የሚወድ ልጅ ነበረ።

ሕክምና ለመማር በተወለደበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1865 ዓ.ም. ግን ተስቦ ይዞት ትምህርቱን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገደደ። ከበሽታው ቢድንም ጆሮው እንደ ቀድሞው የማይሰማ ሆነ። ትምህርቱን ቀጥሎ በ1868 ዓ.ም. የሕክምና ዶክተርነትን ማዕርግ አገኘ። በዚያ ዘመን ሐኪም የበሽተኛውን የውስጥ ነገር የሚያውቀው የልቡን ምትና የሳንባውን ድምፅ በጆሮው አዳምጦ ነበረ። ጆሮው የደከመ ወጣት በዚህ ሥራ ሊሳካለት እንደማይችል ሚሸር ተረዳ። ምን ይሥራ? አጎቱን አማከረ። አጎቱም የሰውነትን አሠራር ለመመርመር ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ የመጨረሻው ምሥጢር የሚፈታው በኬሚስትሪ ነው ወደሚል አሳብ ደርሶ ነበርና ኬሚስትሪ እንዲማር መከረው። ሚሸርም ምክሩን ተቀብሎ ወደ ጀርመን አገር ወደ ቲዩቢንገን ከተማ ሄደ።

በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት

በቲዩቢንገን ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ቤት ክፍሎች አንዳንዶቹን ላቦራቶሪ አድርጓቸው ነበር። የላቦራቶሪው አለቃ ፌሊክስ ሆፐ ዛይለር ይባላል፤ ደማችንን ቀይ ለሚያደርገው ነገር ሄሞግሎቢን የሚል ስም የሰጠ ታላቅ ኬሚስት ነው። ሚሸር በመጀመሪያ ጥቂት ወራት ኬሚስትሪን ከተማረ በኋላ በ1868 ዓ.ም. መከር ወራት ወደዚህ ሰው ዘንድ ገባ። እንዲሠራበት የተሰጠው ክፍል የቤተ መንግሥቱ የቀድሞ ወጥ ቤት ነበረ። ጣራው ቆልማማ፥ መስኮቱ ከወፍራም ግንብ ውስጥ ጠልቆ የገባ፥ ብርሃኑም ደብዘዝ ያለ ነበር።

የተሰጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሕዋስ ከምን ከምን ነገር የተሠራ ነው? የሕያዋን ሁሉ አካል ሕዋስ ከተባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ መሆኑን የዘመኑ ሊቃውንት ያውቁ ነበር። በየሕዋሱ መካከል አስኳል የሚባል ድብልብል ነገር መኖሩም በማይክሮስኮፕ ይታይ ነበር። የአስኳሉ ጥቅም ግን አይታወቅም። ሚሸር ለምርመራው የመረጠው ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው፤ ከሌሎች ሕዋሳት ጋራ ሳይጣበቁ ለየብቻቸው ስለሚገኙ ለማጥራት ይመቻሉና።

በመጀመሪያ እነዚህን ሕዋሳት ከዕጢዎች ለማውጣት ሞከረ፤ ነገር ግን የሚገኘው እጅግ ጥቂት ሆነበት። ያን ጊዜ ወደ ከተማው የቀዶ ጥገና ሕክምና ቤት ፊቱን አዞረ። ቁስልን በመድኃኒት ከማመርቀዝ የማዳን ዘዴ ገና መታወቅ የጀመረበት ጊዜ ስለ ነበረ የብዙ ቁስለኞች ቁስል ይመግል ነበር። መግል ማለት በአብዛኛው የነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነው። ሚሸር ከሕክምና ቤቱ የሚጣሉትን በመግል የራሱ ፋሻዎች እያስመጣ ማጠብ ጀመረ። የሸተቱትንና የተበላሹትን ለይቶ ይጥላል፤ ትኩሶቹን ብቻ ያስቀራል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሕዋሳቱን ከጨርቁ ላይ ለማጠብ በተራ የጨው ውሃ ሲሞክር ሕዋሳቱ ያብጡና እንደ ሙጫ ይሆኑበታል። ብዙ ዓይነት ጨው ከሞከረ በኋላ ሶዲየም ሰልፌት በተባለው ጨው ውሃ ቢያጥባቸው ሳይበላሹ ወደ ዕቃው ሥር እንደሚሰጥሙ አገኘ። እንግዲህ ከእነዚህ ንጹሕ ሕዋሳት በዚያ ዘመን ከታወቁት ፕሮቲኖች አንዱንም የማይመስል ነገር ወጣ። አሲድ ሲጨመርበት እንደ ዝቃጭ ይረጋል፤ አልካሊ ሲጨመርበት ተመልሶ ይሟሟል። ሚሸር ይህ ነገር የሚወጣው ከአስኳሉ ውስጥ መሆኑን ገመተ።

ግምቱን ለማረጋገጥ አስኳሉን ከቀረው የሕዋሱ ክፍል መለየት ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከእርሱ በፊት አጥርቶ ያደረገው ሰው አልነበረም። ሚሸር ስቡን በሞቀ አልኮል አስወገደ። ከዚያም የአሳማ ጨጓራ በአሲድ አጥቦ ምግብን የሚያላውሰውን ፔፕሲን አወጣና በሕዋሳቱ ላይ ጨመረው። ሥጋን በጨጓራችን ውስጥ የሚፈጨው ይህ ፔፕሲን በአስኳሉ ዙሪያ ያለውን ፕሮቲን ሁሉ ሲበላው አስኳሉ ግን ቀረ። ከዚህ አስኳል የወጣው ነገር ሲመረመር ካርቦን፥ ሃይድሮጅን፥ ኦክሲጅንና ናይትሮጅን፥ ከእነዚህም ጋራ ብዙ ፎስፎረስ ተገኘበት። በፕሮቲን ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ ፎስፎረስ አይገኝም። እንግዲያስ ይህ ከዚያ በፊት ማንም ያላወቀው አዲስ ነገር ነበረ። ከኑክሊየስ፥ ማለት ከአስኳል ስለ ተገኘ ኑክሊን ብሎ ሰየመው። ይህን ሥራውን በ1869 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ለአጎቱ በደብዳቤ ሲያስታውቅ ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበር።

ሁለት ዓመት መጠበቅ

ሚሸር ከቲዩቢንገን ወደ ላይፕዚግ ሄዶ በታወቀው ፕሮፌሰር በካርል ሉድቪግ ዘንድ ትምህርቱን ቀጠለ። በዚያ ሳለ ስለ ኑክሊን ያገኘውን ሁሉ ጽፎ በመምህሩ በሆፐ ዛይለር መጽሔት እንዲታተም ላከ። ሆፐ ዛይለር ግን ነገሩ እጅግ አዲስ ስለ ሆነበት በቀላሉ አልተቀበለውም። አንድ ወጣት ብዙ ሊቃውንት በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ከኖሩት ሕዋስ ውስጥ አዲስ ነገር አገኘሁ ሲል ይታመን ወይስ ይጠርጠር? መምህሩ ከመጠርጠር ይልቅ ከባዱን መንገድ መረጠ፤ ምርመራውን ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመው። ፓል ፕሎስ የተባለውንም ተማሪውን በወፎችና በእባቦች ቀይ የደም ሕዋሳት አስኳል ላይ እንዲመረምር አደረገ። ሁሉም የሚሸርን ቃል የሚያጸና ውጤት ሰጠ። ስለዚህ የሚሸር ጽሑፍ በ1871 ዓ.ም. ከሁለቱ ማረጋገጫዎች ጋራ በአንድነት ታተመ።

አንድ ወጣት የድካሙ ፍሬ ታትሞ ለማየት ይህን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብደው ማንም ሊገምተው ይችላል። በዚህ መካከል ሌላ ሰው ቀድሞት ቢያሳትም ኖሮ ስሙ ተረስቶ በቀረ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ በወጣ ጊዜ ሦስት ሰዎች በየበኩላቸው የመሰከሩለት ስለ ነበረ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን የሚጠራጠር ሁሉ ማስረጃውን ሊያገኝ ቻለ።

የራይን ወንዝ ዓሣ

በ1871 ዓ.ም. ሚሸር ወደ ባዝል ተመለሰ፤ በ1872 ዓ.ም. በ28 ዓመቱ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ወንበሩ አስቀድሞ የአባቱና የአጎቱ ስለ ነበረ በዘመድ ነው የተሾመ ብለው ያሙት ሰዎች ነበሩ። እርሱም ለአፉ መልስ ከመስጠት ይልቅ በሥራው መልስ ለመስጠት ወሰነ። የሚሠራበት ቦታ ጠባብ፥ መሣሪያውና ረዳቱ ጥቂት ነበር። ማስተማሩም አልቀናውም። ዓይን አፋርና ጆሮው የማይሰማ ስለ ሆነ ተማሪዎቹ በንግግሩ ብዙም አይደሰቱም ነበር።

ባዝል የተሠራችው በራይን ወንዝ ዳር ነው። በዚያ ዘመን ሳልሞን የተባለው ትልቅ ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ ዘሩን ለመጣል ወንዙን ሽቅብ እየዋኘ እስከ ባዝል ይደርስ ነበር። ሚሸር የወንዱ ዓሣ ዘር ከሞላ ጐደል አስኳል ብቻ መሆኑን አስተዋለ፤ ራሱ አስኳል ነው፤ ቀሪው ጭራ ነው። ኑክሊንን ለሚፈልግ ሰው ከመግል ይልቅ እጅግ የተሻለ ነገር በከተማው ወንዝ ይፈስስ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ኑክሊን በሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ ሚሸር የሚሠራው በበጋ ሳይሆን በብርዱ ወራት፥ ያውም ገና ሳይነጋ፥ እሳት በማይነድበት ክፍል መስኮት ከፍቶ ነበር። እንዲህ እያደረገ በየዓመቱ የዓሣው ወራት ሲደርስ ጤናውን ለብርድ አሳልፎ ይሰጥ ነበር።

በ1874 ዓ.ም. ያሳተመው የዚህ ሥራ ውጤት ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛው፥ ኑክሊን አሲድ መሆኑን፥ ሞለኪዩሉም እጅግ ትልቅ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ በዓሣው ዘር ውስጥ ኑክሊን ብቻውን እንደማይኖር፥ ነገር ግን ከአንድ ሌላ ነገር ጋራ ተያይዞ እንደሚኖር ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ቤዝ ነበረ። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨው እንደሚሆኑ ሁሉ ሁለቱም በዓሣው ዘር ራስ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተሳስረው ይገኙ ነበር። ሚሸር አዲሱን ነገር ፕሮታሚን ብሎ ሰየመው። አንባቢ ይህን ስም እንዲያስታውስ እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ያላመነበት መልስ

እንግዲህ ሚሸር በአንድ እጁ ኑክሊንን፥ በሌላው እጁ የሕያዋንን ዘር ይዞ ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጎ ኑክሊን የዘር ተሸካሚ ነው ለማለት ምን አገደው? ነገሩ ሳይታሰበው የቀረ አይደለም። ለመፀነስ ምክንያት የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው ከተባለ ከሁሉ አስቀድሞ ኑክሊንን ማሰብ እንደሚገባ ራሱ ጽፏል። ነገር ግን አሳቡን አልተቀበለውም። የልዩ ልዩ እንስሳትን ኑክሊን ሲመረምር ከሞላ ጐደል ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። ሳልሞንን ከበሬ፥ ዶሮን ከእንቁራሪት የሚለየው ነገር እንዴት እንዲህ ያለ አንድ ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል? በእጁ ያለው መሣሪያ ልዩነቱን ሊያሳየው አልቻለም።

በ1892 ዓ.ም. ለአጎቱ በጻፈው ደብዳቤ ግን አንድ የሚያስደንቅ አሳብ ገለጸ። በሁሉም ቋንቋ ያለው ቃል ሁሉ ከጥቂት ፊደላት እንደሚጻፍ፥ የዘርም ልዩነት ሁሉ ከትልልቅ ሞለኪዩሎች ጥቂት ክፍሎች አቀማመጥ ሊገኝ እንደሚችል አስረዳ። አሳቡ ትክክል ነበረ፤ የዛሬ ሳይንስም በዚሁ ምሳሌ ይጠቀማል። ነገር ግን ሚሸር ይህን ሲጽፍ ያሰበው ፕሮቲንን ነበር እንጂ ገና በወጣትነቱ ያገኘውን ኑክሊንን አልነበረም። ቁልፉንም መዝጊያውንም ይዞ ነበር፤ ቁልፉ የዚያ መዝጊያ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ማስረጃ የሌለውንም ነገር አላስተማረም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ሚሸር በኑክሊን ሥራ ብቻ የተወሰነ ሰው አልነበረም። ሳልሞን በራይን ወንዝ ውስጥ ሳይመገብ ለብዙ ወራት ሲቆይ ዘሩን የሚሠራው የገዛ ሥጋውን እያቀለጠ መሆኑን አሳየ። ትንፋሻችንን የሚያፋጥነው በይበልጥ በደም ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አስረዳ። የከተማው ባለሥልጣኖችም ስለ እስረኞች ምግብ ምክር እንዲሰጥ ስለ ጠየቁት በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜውን አጠፋ። በ1885 ዓ.ም. በባዝል ለአናቶሚና ለፊዚዮሎጂ ትምህርት ቬሳልያኑም የተባለው ቤት እንዲቋቋም አደረገ።

ከሥራ ብዛትና ከብርድ የተነሣ ሰውነቱ እየደከመ ሄደ። በመጨረሻም የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ሥራውን ትቶ አየሩ ለዚህ በሽታ ይስማማል ወደሚባለው ወደ ተራራማው ዳቮስ ሄደ። በሕይወቱ ሙሉ የደከመበትን ሁሉ አንድ አድርጎ ለመጻፍ ፈልጎ ነበር፤ ኃይሉ ግን አልፈቀደለትም። ኦገስት 26 ቀን 1895 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ ዐረፈ። ሳይታተሙ የቀሩትን ጽሑፎቹንና ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ በ1897 ዓ.ም. በሁለት ጥራዝ ያሳተመው ያ የመንገዱ መሪ የነበረው አጎቱ ነው።

ከእርሱ በኋላ

የሚሸርን ሥራ ሌሎች ቀጠሉት። ቫልተር ፍሌሚንግ የተባለው ጀርመናዊ በአስኳሉ ውስጥ ቀለም የሚቀበለውን ነገር ክሮማቲን ብሎ ሰየመው፤ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈልም ይህ ነገር ክር ክር ሆኖ እንዴት እንደሚካፈል በ1882 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ አሳየ። በ1884 ዓ.ም. የሆፐ ዛይለር ተማሪ የነበረው አልብሬኽት ኮሰል የወፍ ደም ሕዋሳትን ሲመረምር ከፕሮታሚን ጋራ የሚመሳሰል ሌላ ቤዝ ያለው ፕሮቲን አገኘና ሂስቶን አለው። ኮሰል በ1910 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። በ1889 ዓ.ም. ሪካርድ አልትማን ኑክሊንን ከፕሮቲኑ አጥርቶ ኑክሊክ አሲድ የሚል ስም ሰጠው፤ የዛሬው ዲ.ኤን.ኤ. ስሙን የወረሰው ከዚህ ነው።

ዘርን የሚሸከመው ይህ አሲድ መሆኑን ግን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ፈጀ። በ1944 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ኦስዋልድ ኤቨሪና ሁለት ጓደኞቹ የአንዱን ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ለሌላው በመስጠት ጠባዩ በዘር እንዲለወጥ አደረጉ። በ1952 ዓ.ም. አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼስ ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ሠርተው ወደ ባክቴሪያው የሚገባው በይበልጥ የቫይረሱ ዲ.ኤን.ኤ. እንጂ ፕሮቲኑ አለመሆኑን አሳዩ። በ1953 ዓ.ም. ጀምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፥ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሞሪስ ዊልኪንስ በኤክስ ሬይ ባገኙት ማስረጃ ተረድተው የክሩን ቅርጽ አስታወቁ። ክሩ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ሆኖ በአራት ፊደላት የተጻፈ መሆኑ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሌላ ሆነ። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ክር ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ በማይበልጥ አስኳል ውስጥ ነው። እንዴት ገባ? በ1974 ዓ.ም. ሮጀር ኮርንበርግ መልሱን አቀረበ። ክሩ በስምንት ሂስቶኖች ክምር ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይጠመጠማል፤ ይህ 147 ጥንድ ፊደላት የሚይዝ ነው፤ ቀጥሎ በሌላ ክምር ላይ ይጠመጠማል፤ እንዲህ እያለ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ይሄዳል። በሳልሞንና በሰው የወንድ ዘር ውስጥ ደግሞ ሂስቶኑን አብዛኛውን አስወጥቶ ክሩን አጥብቆ የሚያሥረው የሚሸር ፕሮታሚን ነው።

ቫይረስና መጠቅለያው

ይህ መጠቅለያ ቦታ ለመቆጠብ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ጂን የሚባለው በክሩ ላይ የተጻፈ አንድ ክፍል ሲሆን ሥራውን የሚጀምረው መጀመሪያ በአር.ኤን.ኤ. ሲገለበጥ ነው። ጸሐፊ ብራና ዘርግቶ መጽሐፍ እንደሚገለብጥ፥ በሕዋሳችንም ውስጥ ፖሊመሬዝ የተባለ ገልባጭ አለ። ነገር ግን በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ክታብ ሳይፈታ እንደማይነበብ ሁሉ፥ አጥብቆ የተጠቀለለ ጂንም አይገለበጥም። የነርቭና የጡንቻ ሕዋስ ያላቸው ክር አንድ ሆኖ ሳለ ሥራቸው የሚለያየው በእያንዳንዱ ውስጥ የተፈታውና የተጠቀለለው ክፍል ስለሚለያይ ነው። በወንድ ዘር ውስጥም ፕሮታሚን አጥብቆ ስላሠረው ክሩ ሳይገለበጥ ዝም ብሎ ይጓዛል።

ይህን ነገር ከሚያስረዱት ሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሆኑት ቫይረሶች ናቸው። በ1975 ዓ.ም. ጃክ ግሪፊዝ በዝንጀሮ ሕዋስ የሚገኘውን ኤስ ቪ 40 የተባለውን ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት የቫይረሱ ዲ.ኤን.ኤ. ክብ ሆኖ በሃያ አንድ ያህል ዶቃዎች ላይ ተጠምጥሞ አገኘው። ሂስቶኖቹ የቫይረሱ አይደሉም፤ ከገባበት ሕዋስ የወሰዳቸው ናቸው። ኪንታሮት የሚያስወጣው ቫይረስም እንዲሁ ያደርጋል። ጉንፋን ከሚያስይዙት አንዱ የሆነው አዴኖቫይረስ ግን ክሩን የሚያስረው ፕሮታሚንን በሚመስል የራሱ ፕሮቲን ነው፤ አስኳል ውስጥ ከገባ በኋላ ማሠሪያው ይላላና ጂኖቹ መገልበጥ ይጀምራሉ።

በአገራችን ምች ብለን የምንጠራውን የከንፈር ቁስል ከሚያመጣው የሄርፐስ ቫይረስ የምንማረው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ቫይረስ ሲጓዝ ዲ.ኤን.ኤ.ው ያለ ሂስቶን ራቁቱን ነው። ወደ አስኳል ሲገባ ሕዋሱ ፈጥኖ በሂስቶን ሊጠቀልለውና ዝም ሊያሰኘው ይሞክራል። በከንፈር ቆዳ ውስጥ ቫይረሱ ይዞት የመጣው ፕሮቲን ጥቅሉን አስፈትቶ ገልባጩን ይጠራል፤ ቫይረሱም ይባዛል። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕዋሱ ያሸንፋል፤ የቫይረሱ ክር አጥብቆ ይጠቀለልና ለዓመታት ሳይነበብ ይቀመጣል። ትኩሳት፥ ድካም ወይም ብርቱ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ጥቅሉ ይላላል፤ ቫይረሱም ነርቩን ተከትሎ ወደ ከንፈር ይወርዳል። ሰው ምች ከፀሐይ ነው የሚመታው ሲል የኖረው በከንቱ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ፀሐይ ግን ተኝቶ የነበረውን ትቀሰቅሳለች እንጂ በሽታውን ራሷ አትፈጥርም። በሰው ውስጥ የተደበቁትን እንዲህ ያሉ ቫይረሶች ጭራሽ እንዳይነቁ ለማድረግ የሚጥሩ ሊቃውንት ዛሬ የሚመረምሩት ይህንኑ መጠቅለያ ነው።

ከሕይወቱ የምንማረው

ሚሸር ዕድለ ቢስ ነበር የሚሉ አሉ፤ የዘርን ነገር በእጁ ይዞ ሳያውቀው ሞተ ይላሉ። እኛ ግን ፍርዱ በዚህ ብቻ መሆን የለበትም እንላለን። ሰው የጣለውን ፋሻ ሳይንቅ አጥቦ ከእርሱ ውስጥ ያላየውን ዓለም አየ። ጆሮው በታመመ ጊዜ ተስፋ ሳይቆርጥ ያለ ጆሮ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ፈለገ። መምህሩ ቃሉን ሲመረምርበት በማስረጃው ጸና። ለክብሩ ሲል ከሚያውቀው በላይ አላስተማረም፤ ስለዚህ ያስተማረው ነገር እርሱ ከሄደ በኋላ የሚፈርስ አልሆነም። የኮሰል ሂስቶንም ሆነ የኮርንበርግ ዶቃ የቆሙት እርሱ በቀዝቃዛው ክፍል ካገኛቸው ከአሲዱና ከቤዙ ላይ ነው።

በባዝል በ1970 ዓ.ም. በስሙ የምርመራ ተቋም ተቋቋመ። በቲዩቢንገንም ያ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል፤ ከሳልሞን ዘር ያወጣው ኑክሊን በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ በዚያ ይታያል። እኛም ተማሪዎች ላቦራቶሪያችን ጠባብ ነው፥ መሣሪያችን ጥቂት ነው ብለን ከማዘን ይልቅ በዚያ ወጥ ቤት ምን እንደ ተሠራ ብናስብ ይጠቅመናል። ትጋትና እውነተኛነት በወጥ ቤትም ሆነ በቤተ መንግሥት ፍሬ ያፈራሉ። የፍሬው ሙሉ ጣዕም ግን ለሠራተኛው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሊደርስ ይችላል፤ ይህም በመሆኑ ሥራው ዋጋ ያጣ አይባልም።